ክፍልፋይ፦ ደንቡን ከነምክንያቱ

ግማሽ ኪሎ ቡና ላይ ሌላ ግማሽ ኪሎ ሲጨመር አንድ ኪሎ ይሆናል። ይህ ማንንም አያከራክርም። ወረቀት ላይ 1/2 + 1/2 ተብሎ ሲጻፍ ግን ነገሩ ይለወጣል። ብዙ ልጅ የላዩን ከላዩ፣ የታቹን ከታቹ ይደምርና 2/4 ይላል። 2/4 ደግሞ ግማሽ ነው። ግማሽ ላይ ግማሽ ተጨምሮ መልሱ ያው ግማሽ ሆነ ማለት ነው።

ልጁ ሰነፍ ሆኖ አይደለም። እስከዚያ ቀን ድረስ 7 ሲባል 7፣ 12 ሲባል 12 ነበር። አሁን በመስመር የተለያዩ ሁለት ቁጥሮች መጡበት። ወዲያው ደንቦች ይከተላሉ። ስትደምር ታህቱን አመሳስል። ስታባዛ ላይ ከላይ፣ ታች ከታች አባዛ። ስታካፍል ሁለተኛውን ገልብጥ። ለምን? ለምን ብሎ መጠየቅ የለም፤ ሸምድድ ነው። በእኔ እምነት ክፍልፋይን ከባድ ያደረገው ይሄ ነው። ደንቦቹ የማይገናኙ ይመስላሉ እንጂ ሁሉም የሚነሱት ከአንድ ጥያቄ ነው፤ የያዝነው ቁራሽ መጠኑ ምን ያህል ነው? ይህን ጥያቄ የያዘ ሰው አንዱን ደንብ ቢረሳ እንኳ ራሱ አስቦ ይደርስበታል።

ላዕልና ታህት

3/4ን እንውሰድ። ከመስመሩ በታች ያለው 4 ታህት ይባላል። አንድ ሙሉ ነገር ለስንት እኩል ቦታ እንደተከፈለ ይነግረናል። ከላይ ያለው 3 ላዕል ነው። ከቁራሾቹ ስንቱን እንደያዝን ይነግረናል። ታህት የቁራሹን መጠን ይወስናል፤ ላዕል ብዛቱን ይቆጥራል። ሥራቸው የተለያየ ነው። ስንደምር ሁለቱን በአንድ ዓይነት መንገድ የማናስተናግዳቸውም ለዚህ ነው።

"እኩል" የሚለው ነገር ዋና ነው። አንድ ዳቦ አራት ቦታ ተቆርሶ አንዱ ትልቅ፣ ሌላው ትንሽ ከሆነ ሩብ የሚባል ነገር የለም። አራት ቁራሽ ብቻ ነው ያለው።

ታህት ሲያድግ ቁራሹ ያንሳል። ዳቦው ለ8 ሰው ሲቆረስ ለአንዱ የሚደርሰው፣ ለ10 ሰው ሲቆረስ ከሚደርሰው ይበልጣል። ስለዚህ 10 ከ8 ቢበልጥም 1/8 ከ1/10 ይበልጣል። ልጆች እዚህ ላይ ብዙ ይሳሳታሉ፤ ቸኩሎ ማለፍ አይገባም።

ደግሞ 3/4 ራሱን የቻለ አንድ ቁጥር ነው። ማስመሪያ ላይ በ0 እና በ1 መካከል የራሱ ቦታ አለው። 3 ሲካፈል ለ4 ማለትም ነው። 3 ዳቦ ለ4 ሰው ቢካፈል ለእያንዳንዱ 3/4 ዳቦ ይደርሰዋል።

የጥንት ግብፆች ይህን ማካፈል በራሳቸው መንገድ ይሠሩት ነበር። ዛሬ በብሪቲሽ ሙዚየም የሚገኝ፣ አህሜስ የተባለ ጸሐፊ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1550 ገደማ የገለበጠው ፓፒረስ አለ። በውስጡ ዳቦን ለ10 ሰው ስለማካፈል የሚጠይቁ ሒሳቦች ይገኛሉ። ግብፆቹ ከ2/3 በቀር የሚጽፉት ላዕሉ 1 የሆነ ክፍልፋይ ነው ማለት ይቻላል። በእነሱ አካሄድ 5/8 የሚጻፈው 1/2 + 1/8 ተብሎ ነው። ለእኛ የተንዛዛ ይመስላል። ግን 5 ዳቦ ለ8 ሰው በእጅ ለማካፈል ይሞክሩት። አራቱን ዳቦ ሁለት ሁለት ቦታ ቢቆርሱ ለሁሉም ግማሽ ግማሽ ይደርሳል። የቀረው አንድ ዳቦ ለ8 ይቆረሳል። ሁሉም ሰው አንድ ትልቅና አንድ ትንሽ ቁራሽ ይዟል፤ "የእሱ በለጠ" የሚል አይኖርም።

አቻ ክፍልፋዮች

ሁለት ሩብ ኪሎ ስኳር ግማሽ ኪሎ ነው። 1/2 = 2/4። እያንዳንዱን ቁራሽ እንደገና ለሁለት ስንቆርጠው ብዛቱ እጥፍ ይሆናል፤ የአንዱ መጠን ደግሞ በግማሽ ይቀንሳል። ጠቅላላው ንክች አይልም። ላዕልንና ታህትን በአንድ ዓይነት ቁጥር ማባዛት የሚቻለው ለዚህ ነው። ማካፈልም እንደዚያው። 18/24 ላይና ታቹ ለ6 ቢካፈል 3/4 ይሆናል፤ ይህን ማቃለል እንለዋለን።

ላይና ታች ላይ አንድ ዓይነት ቁጥር መደመር ግን አይሠራም። 1/2 ላይ ከላይም ከታችም 1 ቢጨመር 2/3 ይመጣል። 2/3 ደግሞ ከግማሽ ይበልጣል።

ቀጥሎ ላለው ሁሉ መሠረቱ አቻ ክፍልፋይ ነው። ለማወዳደር እንኳ ያስፈልጋል። አሜሪካ ውስጥ በግንባታና በአናጢነት የሚሠሩ ወገኖቻችን ይህን በየቀኑ ያገኙታል። እዚያ መለኪያው በኢንች ነው፤ ሜትሩ ላይ አንዱ ኢንች አብዛኛውን ጊዜ ለ16 ተከፍሏል። 3/8 ኢንች ይበልጣል ወይስ 5/16? በዓይን ሲታይ 5 ከ3፣ 16 ከ8 ስለሚበልጥ 5/16 ትልቅ ይመስላል። 3/8 ግን 6/16 ነው። አሁን ቁራሾቹ አንድ ዓይነት ሆነዋል፤ 6 ከ5 ይበልጣል፣ አለቀ። የኢንች ነገር ደግ የሚሆነው ታህቶቹ 2፣ 4፣ 8፣ 16 እያሉ እጥፍ እጥፍ ስለሚሄዱ ነው። አንዱ ወደ ሌላው በቀላሉ ይለወጣል።

ታህቶቹ እንዲህ ካልተዛመዱስ? 5/7 እና 7/10ን እናወዳድር። 7 በ10 ሲባዛ 70 ነው። 5/7 ወደ 50/70፣ 7/10 ወደ 49/70 ይለወጣል። 5/7 በጸጉር ያህል ይበልጣል።

መደመር

1/3 + 1/4 ስንት ነው? የላዩን ከላዩ፣ የታቹን ከታቹ ብንደምር 2/7 ይመጣል። ከመቀበላችን በፊት ግን አንድ ነገር እንጠይቅ። 2/7 ከ1/3 ይበልጣል? በ21 ታህት ብናየው 2/7 ማለት 6/21፣ 1/3 ማለት 7/21 ነው። ጨምረንበት ቀነሰ! እንዲህ ያለ መልስ ገና ሲታይ መጣል አለበት። ክፍልፋይ የሚሠራ ልጅ ከማንኛውም ደንብ በፊት ይህን ማጣራት ቢለምድ ደስ ይለኛል። መልሱ ከግማሽ ይበልጣል? ከአንድ ያንሳል? ብሎ አስቀድሞ መገመት ብዙ ስህተት ያድናል።

ስህተቱ ያለው ቁራሾቹ ላይ ነው። ሲሶ እና ሩብ የተለያየ መጠን አላቸው። አንድ ሲሶና አንድ ሩብ ሲደመሩ ሁለት ናቸው፤ ሁለት ምን? መልስ የለውም። ሁለቱንም በአንድ መጠን መቁረጥ ያስፈልጋል። 12 ለ3ም ለ4ም ያለ ቀሪ ይካፈላል። ስለዚህ 1/3 = 4/12፣ 1/4 = 3/12። አሁን አራትና ሦስት ሰባት ነው፤ መልሱ 7/12። ታህቱን ያልደመርነው የቁራሹ መጠን ስላልተለወጠ ነው። የተለወጠው ብዛቱ ብቻ ነው።

የጋራ ታህት ለማግኘት ሁለቱን ታህቶች ማባዛት ሁልጊዜ ይሠራል፤ ግን አንዳንዴ ሳያስፈልግ ቁጥሩን ያገዝፋል። ለ1/6 + 1/8 ብናባዛ 48 እናገኛለን። ትልቁን ታህት ይዘን ብዜቶቹን ብንቆጥር ይቀላል፦ 8፣ 16፣ 24። 24 ለ6 ይካፈላል፤ እዚያ ላይ እናቆማለን። 4/24 + 3/24 = 7/24።

ይህን ችግር አባቶቻችን በባሕረ ሐሳብ፣ ማለትም በቤተ ክርስቲያን የዘመን ስሌት፣ እንዴት እንዳቀለሉት ሳይ ሁሌም ይደንቀኛል። በባሕረ ሐሳብ አንድ ዕለት 60 ኬክሮስ ነው፤ አንዱ ኬክሮስ በእኛ ሰዓት 24 ደቂቃ ይሆናል። ለምን 60? የቁጥሩን ጠባይ እዩት። ለ2፣ ለ3፣ ለ4፣ ለ5፣ ለ6፣ ለ10፣ ለ12፣ ለ15፣ ለ20፣ ለ30 ያለ ቀሪ ይካፈላል። ተዘጋጅቶ የተቀመጠ የጋራ ታህት ነው። የዕለት ሲሶ 20 ኬክሮስ፣ ሩብ 15 ኬክሮስ፣ አንድ አምስተኛ 12 ኬክሮስ። 1/3 + 1/4 + 1/5 ወረቀት ላይ ያስጨንቃል። በኬክሮስ ግን 20 እና 15 እና 12 ተደምሮ 47፣ ማለትም 47/60 ነው። በሰዓትና በደቂቃም ያው ነው። ግማሽ ሰዓትና ሲሶ ሰዓት ሲደመር 30 እና 20፣ 50 ደቂቃ ይሆናል። 50/60 ሲቃለል 5/6። ልጅን መደመር ለማስጀመር ከሰዓት የተሻለ መሣሪያ አላውቅም።

መቀነስ፣ ከዚያም የዓድዋ ቀን

መቀነስ ከመደመር አይለይም። ቁራሹን ማመሳሰል፣ ከዚያ ላዕሉን መቀነስ ነው። የሚያደናግረው ሙሉ ቁጥር ሲቀላቀልበት ነው። 3 ከ1/4 ላይ 1 ከ2/3 እንቀንስ። በ12 ታህት ጥያቄው 3 ከ3/12 − 1 ከ8/12 ይሆናል። ከ3 ላይ 8 አይቀነስም። ስለዚህ ከሦስቱ ሙሉ አንዱን ወስደን 12/12 እናደርገዋለን። አሁን በእጃችን 2 ከ15/12 አለ። 15 ሲቀነስ 8 ሰባት፣ 2 ሲቀነስ 1 አንድ። መልሱ 1 ከ7/12 ነው። ድብልቁን ቁጥር ወደ ሕገ ወጥ ክፍልፋይ፣ ማለትም ላዕሉ ከታህቱ ወደሚበልጥ ክፍልፋይ ቀይሮ መሥራትም ይቻላል፦ 39/12 − 20/12 = 19/12።

አንድ ክፍልፋይ መቀነስ ምን ያህል ነገር እንደሚያስረዳ ለማየት የቀን መቁጠሪያን እንውሰድ። የእኛ ዓመት በአማካይ 365 ቀን ከ1/4 ነው። አራት ሩብ አንድ ሙሉ ስለሚሆን በየአራት ዓመቱ ጳጉሜ 6 ቀን ትሆናለች። በ400 ዓመት ውስጥ 100 ጊዜ ማለት ነው። በፈረንጆቹ ከ1582 ጀምሮ በምዕራቡ ዓለም የተያዘው የጎርጎርዮስ አቆጣጠር ግን በ400 ዓመት 97 ጊዜ ብቻ ነው ቀን የሚጨምረው። የእነሱ ዓመት በአማካይ 365 ቀን ከ97/400 ነው። ልዩነቱ 1/4 − 97/400 ነው። 1/4 በ400 ታህት 100/400 ስለሆነ መልሱ 3/400 ይሆናል። በዓመት ሲታይ ምንም አይደለም። በ400 ዓመት ግን ሦስት ሙሉ ቀን ነው።

የዓድዋ ድል የካቲት 23 ቀን 1888 ነው። በፈረንጆቹ ማርች 1 ቀን 1896። ዛሬ የካቲት 23ን ስናከብር ግን በእነሱ ማርች 2 ነው። የተሳሳተ ሰው የለም። የጎርጎርዮስ አቆጣጠር በ1900 ቀን ሳይጨምር አለፈ፤ የእኛ ግን ጨመረ። ከሦስቱ ቀን አንዱ የወጣው ያኔ ነው። በፈረንጆቹ 2100 ደግሞ ሌላው ይወጣል። አሁን በአብዛኛው ሴፕቴምበር 11 ላይ የሚውለው መስከረም 1፣ ከዚያ ዓመት ጀምሮ በአብዛኛው ሴፕቴምበር 12 ላይ ይውላል። የካቲት 23ም ማርች 3 ይሆናል።

ማባዛት

ማባዛት ላይ ታህት ማመሳሰል አያስፈልግም። ምክንያቱም እዚህ ቁራሽ ላይ ቁራሽ እየጨመርን አይደለም። ቁራሹን ራሱን እንደገና እየቆረጥን ነው። የሩብ ግማሽ ስንል 1/2 × 1/4 ማለታችን ነው። ሩቡ ለሁለት ሲቆረጥ 1/8 ይሆናል። ታህቶቹ የሚባዙት በየቁራሹ ላይ አዲስ ቁርጥ ስለሚያርፍ ነው። መልሱ ከሁለቱም ማነሱም ከዚህ ይመጣል። "ማባዛት ያበዛል" ብሎ የለመደ ልጅ እዚህ ግራ ይጋባል፤ ግን የአንድን ነገር ከፊል ስንወስድ ከነበረው ማነሱ የግድ ነው።

በሥዕል ይበልጥ ግልጽ ነው። አንድ አራት ማዕዘን ይሳሉ። ወደ ጎን ለ4፣ ወደ ታች ለ3 ይከፋፍሉት። 12 ሳጥን ይወጣዋል። አሁን የ3/4 ሁለት ሦስተኛውን ያጥቁሩ። ሦስት በሁለት 6 ሳጥን ይጠቁራል። 6/12፣ ማለትም ግማሽ። 2/3 × 3/4 ማለት ይኸው ነው።

በድሮው የመሬት ሥርዓት እኩል አራሽ፣ ሲሶ አራሽ፣ እርቦ አራሽ ይባል ነበር። ከምርቱ ለባለመሬቱ የሚሄደው ግማሽ፣ ሲሶ ወይም ሩብ ነው ማለት ነው። አስራት ደግሞ አንድ አሥረኛ ነበር። 20 ኩንታል ጤፍ ተመርቶ አስራቱ አስቀድሞ ተነሳ፣ ከቀረው ላይ ሲሶው ለባለመሬት ሄደ እንበል። አስራት ሲነሳ 9/10 ይቀራል። የዚያ ሲሶ 1/3 × 9/10 = 9/30 = 3/10 ነው። ለአራሹ የሚተርፈው 2/3 × 9/10 = 18/30 = 3/5። በኩንታል 2 ለአስራት፣ 6 ለባለመሬት፣ 12 ለአራሹ። ሥርዓቱ እኩል አራሽ ከሆነ የአራሹ ድርሻ 1/2 × 9/10 = 9/20 ብቻ ነው፤ 9 ኩንታል። በሲሶና በእኩል መካከል ያለው ልዩነት ለአንድ ቤተሰብ 3 ኩንታል ነበር። ክፍልፋይ ቀለብ የሚወስን ነገር ነው።

ከማባዛት በፊት ማቃለል ድካም ይቀንሳል። 4/9 × 3/8 ላይ 4 እና 8 ለ4፣ 3 እና 9 ለ3 ይካፈላሉ። የሚቀረው 1/3 × 1/2 = 1/6 ነው።

ማካፈል፦ የሚገለበጠው ለምንድን ነው?

3 ኪሎ በርበሬ በሩብ ኪሎ በሩብ ኪሎ ቢታሸግ ስንት እሽግ ይወጣዋል? 12። ይህ 3 ÷ 1/4 ነው። አንዱ ኪሎ አራት ሩብ አለው፤ ሦስት ኪሎ 3 × 4 ሩብ። ለ1/4 ማካፈልና በ4 ማባዛት አንድ የሆኑት እንዲህ ነው። መልሱ የጨመረውም እሽጉ ትንሽ ስለሆነ ነው። በብዙ የገጠር አካባቢ 4 ጥማድ አንድ ሄክታር ተብሎ ይታሰባል። 3/4 ሄክታር ስንት ጥማድ ነው ብሎ የሚያሰላ ገበሬም ያው ክፍልፋይ እያካፈለ ነው፤ ሦስት ጥማድ።

ቁጥሩ እንዲህ የማይመች ሲሆንስ? 2/3 ÷ 1/4ን እንሥራ። እኔ ለልጅ ባስረዳ መገልበጥን መጀመሪያ አላስተምርም። የጋራ ታህት እንዲፈልግ ነው የማደርገው፤ ያወቀው ነገር ነውና። 2/3 = 8/12፣ 1/4 = 3/12። ጥያቄው እንግዲህ በ8 ቁራሽ ውስጥ ስንት ጊዜ 3 ቁራሽ አለ የሚል ሆነ። ቁራሾቹ አንድ ዓይነት ስለሆኑ 12ቱን መርሳት ይቻላል። 8 ÷ 3 = 8/3፣ ማለትም 2 ከ2/3።

አሁን ገልብጠን እንየው። 2/3 × 4/1 = 8/3። ያው ነው። መገልበጥ አቋራጭ ነው። 8 የመጣው 2 በ4 ተባዝቶ፣ 3 የመጣው 1 በ3 ተባዝቶ ነው። ታህት ስናመሳስል የሠራነውን ያንኑ ማባዛት መገልበጡ በአንድ እርምጃ ይጨርሰዋል። የሚገለበጠው ሁለተኛው፣ አካፋዩ ብቻ ነው። የመጀመሪያውን የገለበጠ ሰው መልሱም ተገልብጦ ይወጣለታል።

ደረሰኝ ላይ

ካልኩሌተር እያለ ይህ ሁሉ ምን ያደርጋል የሚል ይኖራል። ካልኩሌተር 1/3ን 0.3333 ብሎ የሆነ ቦታ ይቆርጠዋል፤ ክፍልፋዩ ግን ምንም አይጎድልበትም። ከሁሉም በላይ ካልኩሌተር ምን በምን እንደሚካፈል አይነግርም።

አገራችን ውስጥ ቫት 15 በመቶ ነው። 15/100 ሲቃለል 3/20። አንድ ዕቃ ቫትን ጨምሮ 1,150 ብር ቢሆን ቫቱ ስንት ነው? ብዙ ሰው 1,150ን በ15/100 ያባዛና 172 ብር ከ50 ይላል። አይደለም። 15 በመቶው የተሰላው ከመነሻው ዋጋ ላይ ነው። መነሻው 20/20 ነው፤ 3/20 ሲጨመርበት 23/20 ይሆናል። 1,150 ብር የመነሻው 23/20 ነው ማለት ነው። መነሻውን ለማግኘት እናካፍላለን፦ 1,150 × 20/23 = 1,000። ቫቱ 150 ብር ነው። ቫት ከተካተተበት ከማንኛውም ዋጋ ውስጥ ቫቱ 3/23 ነው ብሎ መያዝ ይቻላል።

የዋጋ ጭማሪና ቅናሽም እንዲሁ ነው። 800 ብር የነበረ ዕቃ በሩብ ቢጨምር 800 × 5/4 = 1,000 ብር ይሆናል። ከዚያ ባለሱቁ "ሩቡን ቀነስኩ" ቢል ወደ 800 አይመለስም። 1,000 × 3/4 = 750 ነው። ሁለተኛው ሩብ የተወሰደው ከትልቁ ቁጥር ላይ ነውና። በ5/4 የተባዛን የሚመልሰው የእሱ ግልባጭ 4/5 ነው። ወደ 800 ለመመለስ ቅናሹ አንድ አምስተኛ፣ 200 ብር መሆን ነበረበት።